በእጅ የተሠሩ አውሮፕላኖች፦ ከደብረ ታቦር ደጋ እስከ አቃቂ ሜዳ

የበጌምድር ሕዝብ አውሮፕላንን ያወቀው በመንገደኛ አመላላሽነቱ ወይም በፖስታ አድራሽነቱ አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ጦር ጋር በአንችም ሜዳ ሲገጥሙ፣ ከሠራዊታቸው በላይ የሚያንዣብበው መኪና አስቀድሞ የታተመ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ የሚጥል ነበር። ወረቀቱ አመፁን የሚያወግዝና ግዝት ያለበት በመሆኑ፣ ከቦምቡ ያላነሰ ልብ የሚከፍል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ። ደብረ ታቦርን መቀመጫው አድርጎ ፋርጣን፣ እብናትንና ጋይንትን ይዞ የሚገኘው ደጋ አገር ስለ አውሮፕላን ያገኘው የመጀመሪያ ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ አንችም ሲያነሡ ስለ ዙፋኑ ጉዳይ መጻፋቸው የሚገባ ነው። ለመሐንዲስ ግን በዚያ ቀን ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ያ ሁሉ ጦር የሸሸው መኪና ከሰማይ የወረደ ምሥጢር አልነበረም፤ ፖቴዝ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት አውሮፕላን ክንፉ ከእንጨት ተዋቅሮ ሸራ የተወጠረበት፣ ከፊቱ ሞተርና ተሽከርካሪ ላባ የተገጠመለት ነበር። የደብረ ታቦር አናጢ በእርጋታ ቀርቦ ለመመርመር ዕድል ቢሰጠው ኖሮ፣ ከሞተሩ በስተቀር የአብዛኛውን ክፍል አሠራር በአንድ ቀን በተረዳው ነበር። እርሱ ግን ያየው ከታች ወደ ላይ፣ ያውም እየሮጠ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስቆጨው፣ ይኸው አገር ከዚያ ስድሳ ሁለት ዓመት አስቀድሞ በጊዜው ከነበረው ሥራ ሁሉ የከበደ የሚባለውን በእጁ ሠርቶ ማሳየቱ ነው። ከደብረ ታቦር በስተሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በጋፋት፣ አፄ ቴዎድሮስ የብረታ ብረት ሥራ ቦታ አቋቁመው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ነገር ግን ሠራተኞቹ እነማን እንደ ነበሩ ብዙ ጊዜ በሚገባ አይነገርም። ቴዎፍሎስ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ሌሎቹም ከስዊዘርላንድ ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተላኩ፣ ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር አጣምረው እንዲያስተምሩ የታሰቡ ሰዎች ነበሩ። መድፍ ማቅለጥ የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ «ሥሩ» ሲሏቸው መጀመሪያ «አናውቅም» አሉ፤ አለማወቅ ግን ከሥራው አላስጣላቸውም። እቶን ሠሩ፤ ከሸፈ። እንደገና ሠሩ። በአካባቢው የሚገኘውን አፈርና ድንጋይ እየሞከሩ፣ ከስሕተታቸው እየተማሩ ከትንሹ ወደ ትልቁ ተሻገሩ። በመጨረሻም ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል ተወለደ።

ዛሬ በሌላው ዓለም «አማተር» እየተባለ የሚጠራው፣ ማለት በሙያው ሳይመረቅ በትጋቱ ገብቶ የሚሠራ ሰው፣ በጋፋት ከነበሩት ሰዎች ብዙም አይለይም። ልዩነቱ የጋፋቶቹ በፍላጎታቸው ሳይሆን በትእዛዝ መሥራታቸው ነው፤ እርሱም ቀላል ልዩነት አይደለም። በትእዛዝ የተጀመረ ሥራ ትእዛዙ ሲቆም ይቆማል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ሠራተኞቹ ከጋፋት ተነቅለው አብረው ሄዱ። ሴባስቶፖል በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት፣ በየገደሉ መንገድ እየተቆረጠለት፣ አምስት ወር ያህል ተጎትቶ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ ሞቱ፤ ባዕዳኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ቫልድማየርም የቀረ ዘመኑን በሊባኖስ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሲያቋቁም አሳለፈ። በጋፋት ሙያ እንዲማሩ የተሰጡት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የት እንደ ገቡ ግን በታሪክ መጻሕፍት ቦታ አላገኙም። መድፉ እስካሁን በመቅደላ አምባ ላይ አለ። የጠፋው እቶኑን እንዴት እንደ ሠሩት የሚናገረው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ለዚህ ጽሑፍ የሚሰጠው ጥቂት ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1915 ዓ.ም. በኤደን የእንግሊዝን አየር ኃይል ትርኢት አይተው፣ ራሳቸውም ተሳፍረው ከበረሩ ወዲህ የአውሮፕላን ነገር ከልባቸው አልወጣም። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ አብራሪ የመጀመሪያውን ፖቴዝ ይዞ አዲስ አበባ አረፈ፤ ጥቂት ቆይቶም የጀርመን ዩንከርስ ተከተለ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። መብረርን መማር ከተቻለ፣ መሥራትስ?

ይህን ጥያቄ በተግባር የመለሰው የንጉሠ ነገሥቱ አገልጋይ የነበረው ጀርመናዊው አብራሪና መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ነው። ቬበር በአቃቂ የአውሮፕላን ማረፊያ ከኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ ጋር ሆኖ ሁለት ሰው የሚይዝ ቀላል አውሮፕላን ሠራ። ንድፉ ከኦስትሪያዊው ንድፍ አውጪ ከኤሪክ ማይንድል ሥራ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በአውሮፓ መዝገቦች ውስጥ በሁለቱም ስም ይጠራል። በኢትዮጵያ ግን «ኢትዮጵያ 1» ተባለ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅም ስም «ፀሐይ» ተብሎ ተሰየመ። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ የተማሩ፣ ከነጻነት በኋላም ብዙ ሳይቆዩ በ1934 ዓ.ም. ያረፉ መሆናቸው ይታወሳል።

የፀሐይ ሞተር በቼኮስሎቫኪያ የተሠራ ዋልተር ቬኑስ የተባለ፣ ሰባት ሲሊንደሮቹ እንደ ኮከብ ዙሪያውን የተደረደሩ፣ ጉልበቱም 115 የፈረስ ጉልበት የሆነ ነው። ይህ ቁጥር የተሰጠው ግን በባሕር ወለል ላይ ላለ አየር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። አቃቂ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ወደ ሲሊንደር የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ተጨማሪ አየር ማመቂያ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ አምስት አንድ ያህሉን ያጣል። በሌላ አነጋገር ቬበር በወረቀት 115 ቢገዛም በሜዳው ላይ ያገኘው 90 ያህል ብቻ ነው። ችግሩ በሞተሩ ብቻ አያበቃም። ያው ስስ አየር ክንፉንም በበቂ ስለማይደግፍ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት የበለጠ ፍጥነት ማግኘት አለበት፤ ላባውም የሚጨብጠው አየር ያነሰ ስለሆነ መግፋቱ ይቀንሳል። ሦስቱ ጉድለቶች የሚደማመሩ ሳይሆኑ የሚባዙ ናቸው። ስለዚህ በደጋ ላይ የሚሠራ አውሮፕላን ከታች አገር መጽሐፍ የተቀዳ ሊሆን አይችልም፤ ክብደቱ፣ የክንፉ ስፋትና የላባው ዘዌ ለቦታው ተብሎ መሰላት አለበት። ፀሐይ መነሣቷ ራሱ ይህ ሥሌት በአግባቡ ለመሠራቱ በቂ ምስክር ነው።

የተነሣችበትም ጊዜ ነገሩን ያጎላዋል። ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱን ከፍታ፣ አውሮፕላኖቿ በሰሜን ከተሞችን እየደበደቡ በነበሩበት ሰዓት፣ ገና ሦስተኛው ወር ሳይሞላ ፀሐይ በአቃቂ ሰማይ ላይ በረረች። ለጦርነት የምትሆን አልነበረችም፤ መሣሪያም አልያዘችም፤ የአንዲት ትንሽ መለማመጃ መብረር የጦርነቱን ውጤት ሊለውጥ እንደማይችል ሠሪዎቿም ያውቁ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ አውሮፕላኗ ከምርኮው ጋር ተቆጠረች፤ ወደ ኢጣሊያም ተወስዳ በመጨረሻ ከሮማ በስተሰሜን በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ቤተ መዘክር ቆመች። በአቃቂ የእንጨት ጎድን ያጣበቁ፣ ቧንቧ የበየዱ፣ ሸራ የሰፉ ኢትዮጵያውያን እጆች ስም ግን እንደ ጋፋት ወጣቶች ሁሉ ከአውሮፕላኗ ጋር አብሮ አልተጻፈም። ሁለት ጊዜ የተደገመ መጥፋት እንደ አጋጣሚ መታየት የለበትም።

በዚያው ጦርነት ውስጥ ግን አንድ ሌላ ሰው ነበረ፤ የመጣበትም መንገድ ከቬበር የተለየ ነው። የኢትዮጵያን አየር ኃይል በጦርነቱ ወራት የመራው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን፣ በአሜሪካ በሚሲሲፒ ያደገ፣ በቱስኬጊ የአውቶሞቢል መካኒክነት የተማረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። መብረር በፈለገ ጊዜ በቆዳው ቀለም ምክንያት በሩ ሁሉ ተዘጋበት። በቺካጎ ጋራዥ ከፍቶ ይሠራ ስለ ነበር፣ ከባልደረባው ከመካኒኩ ከኮርኔሊየስ ኮፊና ከሌሎች ወዳጆቹ ጋር የአየር ማኅበር አቋቋመ፤ አባላቱም ገንዘብ አዋጥተው «ሂዝ ፓራሶል» የተባለውን፣ ክፍሎቹና ንድፉ ለገዥ እየተላኩ በየቤቱ የሚገጣጠመውን ትንሽ አውሮፕላን መሥራት ጀመሩ። ሞተሩ የሞተር ብስክሌት ሞተር ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ሊያበረው የሚችል ከመካከላቸው ስላልነበረ አንድ የበረራ መምህር እንዲሞክረው ለመኑት። መምህሩ ሠሪዎቹን በጥርጣሬ፣ አውሮፕላኑን ግን በጥንቃቄ መረመረና ተነሣ፤ በሰላምም ተመለሰ። ለሮቢንሰን ከጽዳት ሠራተኝነት በቀር ሌላ ቦታ ያልሰጠው የቺካጎ የበረራ ትምህርት ቤት በመጨረሻ እርሱንና ኮፊን በተማሪነት የተቀበለው፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስመረቃቸው፣ ቀጥሎም ለጥቁር ተማሪዎች መምህራን እንዲሆኑ የፈቀደላቸው ከዚህ ሁሉ ትግል በኋላ ነው። ማረፊያ ቢከለከሉ ደግሞ ሮቢንስ በምትባለው የጥቁሮች መንደር ራሳቸው መሬት ደልድለው ማረፊያ ሠሩ። ዐውሎ ነፋስ ቢያፈርሰውም ማኅበሩ አልፈረሰም፤ ወደ ሌላ ሜዳ ተዛወረ።

በ1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ሮቢንሰን እንግዲህ ከአማተር ሠሪዎች ማኅበር የወጣ ሰው ነበር። ያገኘው አየር ኃይል ጥቂትና ያረጁ አውሮፕላኖች ያሉት፣ መለዋወጫም የጎደለው በመሆኑ፣ ከአብራሪነቱ ይልቅ የጠቀመው የመካኒክነት እጁ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኢጣሊያኖች አድዋን ሲደበድቡ በዚያው ነበር፤ ከጦር ግንባር ወደ አዲስ አበባ መልእክት እያመላለሰም ጦርነቱን ጨረሰ። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን በረራ አስተማረ፤ በ1946 ዓ.ም. መጋቢት ወር በአውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት ሞቶ በአዲስ አበባ ተቀበረ። ጋፋትና አቃቂ ያልነበራቸውን፣ የቺካጎው ጋራዥ ግን የነበረውን ለይቶ መናገር ቀላል ነው፤ በቺካጎ አንዱ ያወቀውን ሌላው ያውቀው ነበር፤ ሰው ቢሄድ ሙያው ይቀር ነበር።

ይሁን እንጂ በጋለ ፍላጎት ብቻ አውሮፕላን መሥራት ስንት ነፍስ እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ታሪክም አለ። ፈረንሳዊው ኦንሪ ሚኜ «የሰማይ ቅማል» ያላትን ሁለት ክንፍ ተከታትለው የተቀመጡባትን ትንሽ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ1933 አብርሮ፣ በተከታዩ ዓመት አሠራሯን በመጽሐፍ አሳተመ። ሣጥን መግጠም የሚችል ሁሉ ይሠራታል ብሎ ስለ ጻፈ፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ እጅግ ብዙ ሰዎች በየጋራዣቸው መሥራት ጀመሩ። ከዚያ አደጋ በአደጋ ላይ ተደራረበ፤ አፍንጫዋን ወደ ምድር ደፍታ መቅናት ያቃታት ብዙ ጊዜ ናት። በመጨረሻ የሁለቱ አገሮች መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1936 ሙሉዋን አውሮፕላን በነፋስ ዋሻ ውስጥ አስገብተው ሲመረምሩ ምክንያቱ ተገኘ። አፍንጫዋ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲደፋ በሁለቱ ክንፎች መካከል የሚያልፈው አየር አብራሪው ከሚፈልገው በተቃራኒ ይሠራ ነበር፤ መሪውን በሳበ መጠን ይብሱን ትደፋለች። ይህን ማንም የጋራዥ ሠሪ በዓይኑ አይቶ ሊያውቀው የሚችል አልነበረም። የሞቱት በእጃቸው ጉድለት አልሞቱም፤ ሠርተውት የነበረው በትክክል ንድፉን ነው።

ከዚህ ልምድ በኋላ በየአገሩ የአማተር ሠሪዎች ማኅበራት ሥርዓት እየያዙ መጡ። በጥር 1945 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ ፖል ፖበሬዝኒ ጥቂት ጓደኞቹን ሰብስቦ ያቋቋመው ማኅበር ዛሬ በመላው ዓለም ቅርንጫፍ አለው። የቅርንጫፎቹ ዋና ሥራ በየወሩ የሚደረገው ስብሰባ ነው። ለውጭ ሰው ሲነገር ተራ ነገር ይመስላል፤ ወንበር ይደረደራል፣ ቡና ይፈላል፣ አንዱ አባል የክንፉን ጎድኖች በጠረጴዛ ላይ ያሰልፋል። ቁም ነገሩ ያለው ግን ከዚህ ላይ ነው። በማኅበሩ የተመደበው የቴክኒክ አማካሪ ሸራው ከመወጠሩ በፊት፣ ኮምፔንሳቶውም ተጣብቆ ከመዘጋቱ በፊት እንዲያይ ይጠራል። አንድ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ማጣበቂያው ይዞ እንደሆነ፣ ብየዳው ዘልቆ እንደሆነ፣ ቡሎኑ ዳዶውን ጠግቦ እንደሆነ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው፤ ሠሪው ደግሞ በገዛ ሥራው ላይ ከሁሉ የባሰ ዳኛ ነው። ሌላው ሥራቸው መዝገብ ነው። የከሸፈው ጎድን ለምን እንደ ከሸፈ በየወሩ ተጽፎ ይሰራጫል። በጋፋት እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር ኖሮ፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚሠራው እቶን ከዜሮ ባልጀመረም ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2007 ዓ.ም. የተሰማው የአቶ አስመላሽ ዘፈሩ ሥራ በዚህ መነጽር ሊታይ ይገባዋል። በሙያቸው የጤና ባለሙያ የሆኑት አቶ አስመላሽ በወጣትነታቸው አብራሪ ለመሆን አመልክተው ቁመታቸው አንድ ሴንቲሜትር በማነሱ ሳይመረጡ ቀሩ። ከዚያ መጽሐፍ በማንበብ፣ በኢንተርኔት የሚታዩ ትምህርቶችን በመከታተል አውሮፕላን ለመሥራት ተነሡ። ዕቃውን ከመርካቶና ከየጋራዡ ለቃቀሙ፤ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ያገለገለ የሱዙኪ መኪና ሞተር ገጠሙ። ሥራው 570 ቀን ስለ ወሰደና የእናታቸው ስም ኪሮስ ስለ ሆነ፣ አውሮፕላኑን «ኬ-570ኤ» አሉት። ወጪው 160,000 ብር ያህል እንደ ነበር በጊዜው ተዘግቧል። ሰኔ 8 ቀን 2007 ዓ.ም. የመጀመሪያው የበረራ ሙከራ ሲደረግ ግን አውሮፕላኑ ከመሬት ሳይነሣ ቀረ።

ወሬው በዓለም ዙሪያ ሲናኝ ከፊሉ አደነቀ፤ ከፊሉ ሳቀ። ሁለቱም ሥሌት አልሠራም። አዲስ አበባና አካባቢዋ በአማካይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት ብንል፣ የአየሩም ሙቀት 20 ዲግሪ ቢሆን፣ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። 40 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር 28 ያህል ይሆናል፤ ያውም አዲስ ከሆነ ነው። ለመነሣት የሚያስፈልገው ፍጥነት ደግሞ በ17 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አንድ ሰው የሚይዝ ቀላል አውሮፕላን በ28 የፈረስ ጉልበት መብረር አይችልም ማለት አይደለም፤ ሂዝ ፓራሶል ከዚህ ባነሰ በርሯል። ነገር ግን የእርሷ ክብደት እጅግ ቀላል፣ የበረረችበትም የቺካጎ ሜዳ ከባሕር ወለል 200 ሜትር እንኳ በቅጡ የማይሞላ ነበር። ይህን ሥሌት በወር አንድ ጊዜ በሚሰበሰብ ማኅበር ውስጥ ያለ አንድ መካኒካል መሐንዲስ ከአንድ ስኒ ቡና ጋር ጨርሶ ሊያሳያቸው ይችል ነበር። አቶ አስመላሽ ያጡት ትጋት አልነበረም። ለ570 ቀን ከጎናቸው የሚቆም፣ ሸራው ከመወጠሩ በፊት «ቆይ» የሚል ሰው ነው ያጡት። መሐንዲሶች ነበርን፤ የሄደ ግን አልነበረም።

በአገሪቱ ሙያው የለም እንዳይባል፣ በአየር መንገዱ የጥገና ክፍል ትውልድ በትውልድ ላይ የተተካ ቴክኒሻን አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት አየር መንገዱ ለእርሻ መድኃኒት መርጫ የሚያገለግለውን አውሮፕላን በፈቃድ አዲስ አበባ ውስጥ እየገጣጠመ «እሸት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበር የዛሬ ወጣት መሐንዲሶች ብዙዎቹ አልሰሙም። ሕጉም ቢሆን ዋና እንቅፋት አይደለም። በዓለም አቀፍ በረራ ላይ የሚሰማራ ማናቸውም አውሮፕላን ለመብረር ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥ ምስክር ወረቀት ሊኖረው እንደሚገባ ዓለም አቀፉ የቺካጎ ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ይደነግጋል፤ በብዙ አገሮችም በእጅ ለተሠሩ አውሮፕላኖች ከዚህ የተለየ፣ በቦታና በዓላማ የተወሰነ ፈቃድ ይሰጣል። ፈቃዱን የሚጠይቅ አካል ግን ቀድሞ መኖር አለበት። የሲቪል አቪዬሽን ሹም በአንድ ግለሰብ ጓሮ ለተሠራ፣ ማንም በመካከሉ ላላየው፣ መዝገብም ለሌለው አውሮፕላን ፊርማውን ባያኖር ሊፈረድበት አይገባም።

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢጣሊያ ፀሐይን ለኢትዮጵያ መለሰች። ከተወሰደች ሰማንያ ስምንት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ብቻ ቀርቷት ነበር። በደስታው መካከል ብዙ የተነገረው ስለ ቅርስነቷ ነው፤ ተገቢም ነው። ለመሐንዲስ ግን ፀሐይ ከቅርስነቷ በላይ ሰነድ ናት። በደጋ አየር ላይ የበረረ፣ በአገር ውስጥ የተሠራ አውሮፕላን ንድፍ በእንጨትና በቧንቧ ተጽፎ ተመልሷል። የክንፏ ርዝመትና ስፋት፣ የጎድኖቿ ቅርጽ፣ የላባዋ ዘዌ፣ ባዶ ክብደቷና የክብደቷ ማዕከል በሜትርና በሚዛን ሊነበብ ይችላል። ይህ ንባብ አንድም ነገር ሳይፈታ፣ አንድም ቡሎን ሳይነካ፣ በቀላል መሣሪያ በጥቂት ቀናት ሊጠናቀቅ የሚችል ሥራ ነው። ሥራው በቤተ መዘክር ሠራተኞች ብቻ እንዲሠራ መተው አይገባም፤ ጎድን ከዋና ተሸካሚ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ሥሌቱ በደጋ ከተሞች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጋፋት ስም የሚጠራ የቴክኖሎጂ ተቋም ያለው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከዚያ ሞቅ ባለ የበጋ ቀን፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 71 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የአቶ አስመላሽን ሞተር የመሰለ 40 የፈረስ ጉልበት እዚያ ቢነሣ 27 ያህል ይቀረዋል፤ የመነሻው ፍጥነት በ19 በመቶ ይጨምራል። ከእብናትም ሆነ ከጋይንት የመጣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ይህን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያሰላው ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የክንፉ ስፋት በስንት ካሬ ሜትር መጨመር አለበት የሚለው ነው።